ተለዋጭ የድራግ ምላጭ ሲገዙ፦ ከውፍረቱ እስከ ጫፉ

ካርቶን፣ ፎም ቦርድ፣ ስቲከር ወይም የጉርኒሲዮን ሉህ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ የሚቆርጥ ማሽን ያለው ድርጅት ምላጭ ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ይልክና ያንኑ ያዝዛል። ቁጥሩ የሚያረጋግጠው ግን ምላጩ መያዣው ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። ለያዙት ሥራ መስማማቱን አይነግርዎትም። ከማሽኑ ጋር የመጣው የመጀመሪያ ምላጭ ብዙ ጊዜ ሻጩ ለማሳያ የመረጠው ነው፤ እርስዎ ዛሬ የሚቆርጡት ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ መያዣ ውስጥ የሚገቡ ምላጮች በስለት አንግል፣ በጥልቀት፣ በአፍ ብዛት፣ በተሞረዱበት ጎንና በተሠሩበት ብረት ይለያያሉ። ከእነዚህ ውስጥ ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው አንግሉ ስለሆነ፣ እዚህም ሰፋ ያለውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው።

መጀመሪያ መያዣውን ይለዩ

ድራግ ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይንቀሳቀስ፣ ጠልቆ እየተጎተተ የሚቆርጥ ምላጭ ነው። እንደ ስዊዘርላንዱ ዙንድ፣ እንደ ኮንግስበርግ ወይም እንደ ቤልጅጉ ሱማ ኤፍ ሲሪስ ባሉ የኢንዱስትሪ ማሽኖች ላይ ምላጩን ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚያዞረው ሞተር ነው። በተራ የስቲከር ፕሎተር ላይ ያለው ቀጭን ክብ ምላጭ ግን በኩሽኔታ ውስጥ በነፃ የሚዞር ሲሆን፣ ጫፉ ከመሐል በትንሹ፣ ለምሳሌ በ0.25 ሚ.ሜ.፣ ፈንጠር ያለ ነው። የሚዞረውም በዚያ ልዩነት ነው። አንዳንድ ጠፍጣፋ ማሽኖች፣ ሱማን ጨምሮ፣ ሁለቱንም ዓይነት መያዣ ስለሚቀበሉ የትኛውን እንደያዙ ሳያዩ አይዘዙ። በሞተር ለሚዞረው መያዣ የመጣ ምላጭ በነፃ ለሚዞረው አይሆንም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ።

ከዚህ ሌላ ኦስሌቲንግ የሚባለው፣ ምላጩን በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያርገበግበው መሣሪያ አለ። የእሱ ምላጭ ከድራጉ ጋር በመልክ ሊመሳሰልና መያዣው ውስጥም ሊገባ ይችላል፤ የተሳለው ግን ለመውጋት ነው። ጎትተው ሲቆርጡበት ቁሳቁሱን ከመቁረጥ ይልቅ ወደፊት ይገፋዋል።

በካሊፐር መለካት

አሮጌውን ምላጭ አውጥተው አልኮል በነካ ጨርቅ ያጽዱ። ሙጫ ያለበትን ከለኩት የሙጫውን ውፍረት ነው የለኩት። ከዚያ በ0.01 ሚ.ሜ. በሚያነብ ዲጂታል ካሊፐር የሰውነቱን ውፍረት፣ ስፋቱንና ጠቅላላ ርዝመቱን ይለኩ። በጠፍጣፎቹ ላይ 0.63፣ 1 እና 1.5 ሚ.ሜ. ውፍረቶች በብዛት ያጋጥማሉ፤ ክብ እጀታ ካላቸው 6 እና 8 ሚ.ሜ. የተለመዱ ናቸው። ለ0.63 የተሠራ መያዣ ውስጥ የ0.60 ምላጭ ያለ ችግር ይገባል፤ ችግሩም ይሄው ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና ቀጥ ያለ መስመር ላይ ምንም ሳይታይ፣ ክብ ሲቆረጥ መነሻና መድረሻው አይገጥሙም። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን ሲነካኩ መዋል ነው።

በማሸጊያው ላይ ያለው ኮድ ከሻጭ ጋር ለመግባባት ይጠቅማል። ለምሳሌ የዙንድ ምላጮች ከዜድ ፊደል ቀጥሎ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ግን የካታሎግ ቁጥር ስለሆነ አንግሉንም ጥልቀቱንም አይናገርም። ስለዚህ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ልኮቹንም ይጻፉ።

ጥልቀት

የሚያስፈልገው የመቁረጫ ጥልቀት የቁሳቁሱ ውፍረት ሲደመር ጫፉ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው የመቁረጫ ምንጣፍ ውስጥ የሚገባው 0.2 ሚ.ሜ. አካባቢ ሲደመር ትንሽ መጠባበቂያ ነው። ለ5 ሚ.ሜ. ፎም ቦርድ 5.2 ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሚ.ሜ. የሚቆርጥ ምላጭ ይበቃል። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የ20 ሚ.ሜ. ምላጭ ገዝቶ 3 ሚ.ሜ. መቁረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ከመያዣው የወጣው ክፍል በረዘመ ቁጥር ምላጩ በኩርባ ላይ ይለመጣል፤ የላይኛው ጠርዝ ልኩን ጠብቆ የታችኛው ይሸሻል። ዕቃውን ገልብጠው ካልለኩት አይታወቅም።

አንግል

ምላጩን በጎኑ ይመልከቱት። ጀርባው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስለቱ ደግሞ ከታች ካለው ጫፍ ተነስቶ ወደፊት እያዘነበለ ይወጣል። አንግል ስንል ስለቱ ከጠረጴዛው ወለል ጋር የሚሠራውን ነው። አንዳንድ ሻጮች ከቁመቱ ጋር ያለውን ስለሚጽፉ 30 የተባለው ምላጭ በእርስዎ አቆጣጠር 60 ሊሆን ይችላል። የምላጩን ሥዕል ሳያዩ በቁጥር ብቻ አይስማሙ።

ስለቱ ስለሚያዘነብል ጫፉ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የስለቱ የላይኛው ክፍል አልፎ ሄዷል። ይህ ትርፍ ቁርጥ በቀላሉ ይሰላል፦ የጠለቀበትን ጥልቀት በአንግሉ ታንጀንት ማካፈል ነው። 5.2 ሚ.ሜ. ለሚጠልቅ ምላጭ፣ በ45 ዲግሪ ትርፉ 5.2 ሚ.ሜ. ይሆናል። በ60 ዲግሪ ወደ 3 ሚ.ሜ. ይወርዳል። በ80 ዲግሪ 0.9 ሚ.ሜ. ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ 80 አንገዛም? በሁለት ምክንያት። አንደኛው ጫፉ ነው። ጀርባው ቀጥ ያለ ምላጭ በ45 ዲግሪ ሲሳል የጫፉ አንግል 45 ዲግሪ ይሆናል፣ ጠንካራ ነው፤ በ80 ሲሳል ግን ጫፉ 10 ዲግሪ ብቻ የሆነ መርፌ ነው። አብዛኞቹ ምላጮች የሚሠሩበት ካርባይድ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ይህን የመሰለ ጫፍ ምንጣፉ ውስጥ ያለች ጠጣር ነገር ስትነካው ይሸረፋል። ሁለተኛው ጉልበቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ያዘነበለ ስለት ቁሳቁሱን ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛውም ይጫነዋል፣ ቁሳቁሱን በአየር ስቦ ጠረጴዛው ላይ የሚይዘውን ቫኪዩም ያግዘዋል። ቀጥ ያለ ስለት ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን ወደፊት ይገፋል፤ ቀጭን ነገር ይጨማደዳል፣ ትንንሽ ቁራጮች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። የስለቱ ድካምም በ45 ዲግሪ ረዘም ባለ አፍ ላይ ስለሚሰራጭ ምላጩ ቆይቶ ነው የሚዶለዱመው።

ስለዚህ መልሱ ያለው በሚቆርጡት ዕቃ ሥዕል ውስጥ ነው። ውጫዊ ማዕዘን ብቻ ያለው ሥራ፣ ለምሳሌ አራት ማዕዘን ሰሌዳ፣ ትርፍ ቁርጡ የሚገባው ሊጣል ወደሚችለው ቁራጭ ነው፤ 45 ዲግሪው በደንብ ይበቃል። ቁራጮቹን አጠጋግተው ከደረደሩ ግን መሐላቸው ያለው ክፍተት ከትርፉ መብለጥ አለበት፣ አለበለዚያ የአንዱ ትርፍ ጎረቤቱን ይነካል። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ሲኖር ነገሩ ይለወጣል። አንድ የሱቅ ማሳያ ስታንድ ላይ ሁለት የ5 ሚ.ሜ. ፎም ቦርዶች እንዲጋጠሙ 5 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ስንጥቅ ተሥሏል እንበል። በ60 ዲግሪ ምላጭ የስንጥቁ ግርጌ ላይ ያለችው አጭር መስመር 3 ሚ.ሜ. አልፋ ዋናውን ዕቃ ትቆርጣለች፣ ረጅሞቹም እንዲሁ። ስታንዱ ዕቃ ሲጫንበት የሚቀደደው ከዚያች ነጥብ ነው። እዚህ ላይ ተሰባሪም ቢሆን ቀጥ ያለው ምላጭ ይገዛል፣ ወይም ሥራው ወደ ኦስሌቲንግ ይሄዳል።

የማሽኑ ሶፍትዌር ትርፉን ለማመጣጠን መስመሩን አሳጥሮ እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። ያኔ ላይኛው ገጽ ላይ ትርፉ ይቀንስና ከታች ያልተቆረጠ ክር ይቀራል፤ በፎም ቦርድ ላይ የታችኛው ወረቀት ማዕዘኑ ላይ ሳይለቅ ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ትርፉ የሚታየው ምላጩ በሚገባበት ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ምስሉን ወደ ታች ገልብጦ ከጀርባ መቁረጥ የፊቱን ገጽ ንጹሕ ያደርገዋል። ለዚህ የማሽኑ ካሜራ የህትመቱን ቦታ ለማወቅ የሚያነበው ምልክት ከጀርባም መኖር ወይም ካሜራው ጠርዙን ማንበብ መቻል አለበት።

አንግሉ ኩርባንም ይነካል። በ45 ዲግሪ 5.2 ሚ.ሜ. የጠለቀ ምላጭ ላይኛው ገጽ ላይ 5.2 ሚ.ሜ. ርዝመት አለው። 10 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ራዲየሱ 5 ነው፤ ይህን ምላጭ በዚያ ውስጥ ማዞር ጠርዙን መቅደድ ነው።

ስንት አፍ፣ በየትኛው ጎን የተሞረደ

ባለ አንድ አፍ ምላጭ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። ባለ ሁለት አፉ ከሁለቱም ወገን ወደ መሐል ይሾላል፣ ልክ እንደ ጦር። ጠንከር ባለ ነገር ላይ በቀጥታ ሲወርድ ሳይንሸራተት ይገባል፤ በሌላ በኩል ሲወርድ ከኋላውም ስለሚቆርጥ ትርፉ በመነሻም በመድረሻም ይኖራል።

ሙረዳው ሌላ ጥያቄ ነው። በሁለቱም ጎን እኩል የተሞረደ ምላጭ ቁሳቁሱን ግራና ቀኝ እኩል ይገፋል፣ ለስስ ነገር ይህ ጥሩ ነው። ወፈር ያለ ሰሌዳ ላይ ግን ሁለቱም ጠርዞች በጥቂቱ ያዘነብላሉ። በአንድ ጎን ብቻ የተሞረደው አንዱን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መዘንበሉን ሁሉ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ያኔ የሚቆረጥበት አቅጣጫ መስተካከል አለበት። የተሞረደው ጎን ወደ ግራ ከሆነ የውጭውን መስመር በሰዓት አቅጣጫ፣ የውስጥ ቀዳዳዎችን በተቃራኒው ይቁረጡ። በሁለቱም ጊዜ ዕቃው በቀኝ፣ የሚጣለው በግራ ይሆናል። ምላጩ ወደ ቀኝ የተሞረደ ከሆነ ሁሉም ይገለበጣል። ሲያዝዙ «የግራ» ወይም «የቀኝ» የሚለውን ሻጩ ከየት ቆሞ እንደሚያይ በፎቶ ያረጋግጡ።

ብረቱና ቀለሙ

ለዚህ ሥራ ዋናው ካርባይድ ነው፦ በኮባልት የተያያዘ የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣት። ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ስለቱ የበለጠ ይሾላል፤ ኮባልቱ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ትንሽ ቀንሶ መሸረፍን ይቋቋማል። ከተመለሰ ወረቀት የተሠራ ካርቶን ውስጥ አሸዋና የማዕድን ዱቄት ስለማይጠፋ ስለት ቶሎ ይበላል። ለእሱ ጠንካራውን ይጠይቁ። ጫፍ እየተሰበረ ለሚያስቸግር ሥራ ግን ኮባልት የበዛበት ይሻላል። ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) የሚባለው የመቁረጫ ብረት ከካርባይድ ፈጥኖ ይዶለዱማል፣ ነገር ግን ሳይሰበር ይጎብጣል፤ የሽቦ ስፌት ሊያጋጥም በሚችል ካርቶን ላይ ይህ ጥቅም ነው።

ወርቃማ ሆኖ የሚታየው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። ሙጫ ያለው ነገር እንዳይጣበቅ ያግዛል። ሽፋኑ ጥቂት ማይክሮን ስለሚወፍር የስለቱን ሹልነት በዚያው ልክ ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ ለስስ ፊልም ያልተሸፈነው ይቆርጣል። ርካሽ ምላጭን በወርቅ ቀለም ማስዋብም አለና በቀለም አይግዙ።

ለየትኛው ዕቃ የትኛው

ስቲከርን ከነወረቀቱ ሳይሆን ላዩን ብቻ ለመቁረጥ 45 ዲግሪ ያለው፣ ጫፉ ሹል፣ በሞላ (በስፕሪንግ) ወይም በአየር ግፊት የሚሠራ መያዣ ላይ የሚገባ ምላጭ ይምረጡ። ወፈር ላለ አንጸባራቂ ወይም ማግኔት ሉህ 60 ዲግሪ ይሻላል። 1.5 ሚ.ሜ. አካባቢ የሚሆነውን ኢ ፍሉት እና 3 ሚ.ሜ. የሚጠጋውን ቢ ፍሉት ካርቶን (ፍሉት መሐሉ ያለው ሞገድ ነው) ድራግ በደንብ ይቆርጣል፤ ድርብ ግድግዳ፣ ማለትም ሁለት የሞገድ ንብርብር ባለው፣ ካርቶን ላይ ግን ሞገዱን ስለሚጨፈልቅ ኦስሌቲንግ ይጠቀሙ። 3 ሚ.ሜ. የፒቪሲ ፎም ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየ1 ሚ.ሜ. በሦስት ዙር ይቆረጥ። ከ5 ሚ.ሜ. በላይ የሆነው የራውተር፣ ማለትም በሚሽከረከር ቢት የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ሥራ ነው። ጎማ ስለቱን ይይዘዋል፣ ይሞቃልም፤ ሲሊኮን ስፕሬይ በምላጩ ላይ በስሱ ነፍተው በዝግታ ይሂዱ።

ለጨርቅ ድራግ ምላጭ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ንብርብር ጨርቅ ይጎተታል እንጂ አይቆረጥም፤ ለእሱ ተሽከርካሪ ምላጭ አለ። ለጓንቲ የሚሆነው ስስ የኢትዮጵያ የበግ ቆዳም ስለሚለጠጥ ያው ጠባይ አለው። ድራግ ብቻ ካለዎት 45 ዲግሪ፣ አዲስ ስለት፣ ሙሉ ቫኪዩምና ቆዳው ያልሸፈነውን የጠረጴዛ ክፍል የሚዘጋ ፕላስቲክ አንድ ላይ ያስፈልጋሉ።

አሮጌው ምላጭ የሚነግርዎት

ከማዘዝዎ በፊት አሮጌውን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩት። ስለቱ እኩል ዶልዱሞ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ምርጫው ትክክል ነበር። ጫፉ ብቻ ከተሰበረ በጣም ጠልቋል ወይም በፍጥነት ወርዷል፤ ጥልቀቱን ሳያስተካክሉ ውድ ምላጭ ቢገዙም እሱም ይሰበራል። ስለቱ እንደ መጋዝ ከተሸራረፈ ቁሳቁሱ ውስጥ ጠጣር ነገር አለ ወይም ካርባይዱ ለሥራው ከመጠን በላይ ደረቅ ነው። አንዱ ገጽ ብቻ ከተፋቀ ምላጩ ከጉዞው አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ዞሮ ነበር፤ ይህ የመያዣው ማስተካከያ እንጂ የምላጩ ጥፋት አይደለም።

ማዘዝ

ለሻጭ የሚላከው መልእክት የማሽኑን ስም፣ የመያዣውን ዓይነት፣ ውፍረት፣ ስፋት፣ ርዝመት፣ የመቁረጫ ጥልቀት፣ አንግል፣ የአፍ ብዛትና የተሞረደውን ጎን ይያዝ። ምላጩን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ አጋድመው ከላይ ፎቶ አንሱበትና አያይዙት። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሰው ይዞልዎት የሚመጣ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንዳይዘው ይንገሩት፤ ፍተሻው ላይ ይቀራል።

ከአዲስ አቅራቢ መጀመሪያ አምስት ብቻ ይግዙና የአምስቱንም ርዝመት ይለኩ። እርስ በርሳቸው ከ0.05 ሚ.ሜ. በላይ ከተለያዩ፣ በተለይ ለስቲከር ሥራ፣ በየቅያሪው ጥልቀቱን እንደ አዲስ መፈለግ ሊኖርብዎ ነው። ዋጋውን ደግሞ በሜትር ያስሉት። 900 ብር የሚሸጠው ምላጭ 1500 ሜትር ቢቆርጥ ሜትሩ 60 ሳንቲም ነው፤ 350 ብር የሚሸጠው 400 ሜትር ላይ ቢቆም ሜትሩ 87 ሳንቲም ተኩል። ማሽኑ ለቅያሪ የሚቆምበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። የተቆረጠውን ርዝመት አብዛኛው ሶፍትዌር ያስቀምጣል።

መግጠምና መሞከር

ማሽኑን ያቁሙ፣ መነጽርና ጓንቲ ያድርጉ። ብሎኑን በብሩጎላ አላልተው አሮጌውን በፒንሳ ያውጡ። የመያዣውን ቀዳዳ በአየር ነፍተው በአልኮል ይጥረጉ፤ እዚያ የቀረች አንዲት የካርቶን ብናኝ ምላጩን ታጋድለዋለች። አዲሱን እስከ ማቆሚያው ድረስ ያስገቡ፣ ስለቱ ወደ ጉዞው አቅጣጫ መዞሩን አይተው ብሎኑን ያጥብቁ። በኃይል መጠምዘዝ ካርባይዱን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ የጫፉን ከፍታ እንደ አዲስ ያስመዝግቡ። ማሽንዎ ራሱ የሚለካ ካልሆነ ምንጣፉ ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጠው ጫፉ ወረቀቱን ጭሮ እስኪታይ በ0.05 ሚ.ሜ. እያወረዱ ይፈልጉት። ይህን ሳያደርጉ በአሮጌው ልክ ማስነሳት አዲስ ጫፍ የሚሰበርበት ዋነኛው መንገድ ነው።

ለሙከራ በግማሽ ፍጥነት 50 በ50 ሚ.ሜ. የሆነ ካሬና በውስጡ አንድ ክብ ይቁረጡ። ክቡ ካልገጠመ ወይም የአንድ ወገን ጠርዝ ብቻ ፀጉር ካወጣ የምላጩን መዞሪያ በግማሽ ዲግሪ እየለወጡ ይድገሙ። ቀጥሎ አንድ መስመር ወደፊት፣ ያንኑ ወደኋላ ያስቆርጡት። ሁለት መስመር ሆኖ ከታየ ምላጩ ከመሐል ወደ ጎን ወጥቷል፤ የመዛባቱ መጠን በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ነው፣ ማስተካከያውም በዚያ ልክ ይገባል። ማዕዘኖቹን ከላይም ከታችም ይዩና ትርፉን ቀደም ብሎ ካሰሉት ጋር ያወዳድሩት። በጣም ከተለየ የተላከልዎት አንግል ያዘዙት አይደለም፤ ቀሪዎቹን ከማሸጊያቸው ሳያወጡ ይመልሱ።

የወጣውን ምላጭ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያኑሩት። ቁርጥራጭ ካርባይድ የሚገዙ ስላሉ ሲጠራቀም ዋጋ ያወጣል።